ታክሲውን ተዉትና አኮርዲዮኑን ስሙ

ጽሑፉን ያነበብኩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንድ ብሎክ ሥር በተተከለ የሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ኪቦርዴን ዘርግቼ ሙሽሮቹን ስጠብቅ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩ ገና አልተነሣም፤ ድራመራችን አያት ጋ መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል። እንዲህ ባለ ሰዓት ሙዚቀኛ ያለው ሥራ ስልክ ማየት ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ያንተን ሰውዬ አፈር ድሜ አስግጠውልሃል» ብሎ አንድ ጽሑፍ ልኮልኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሙሽሮቹ አምስት ሰዓት ተብለው ሰባት ሰዓት ተኩል ስለመጡ ሦስተኛም ጊዜ ደገምኩት።

የተተቹት ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ናቸው፤ የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች። ጽሑፉን ላላነበበ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አልበሞቹ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ።) ጸሐፊው የሚሉት እንዲህ ነው፦ ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ሲሄድ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡት፣ በተለይ «ላላ በሉ» (2018) እና «የኔ ምርጫ» (2020)፣ የትልቅ ቤት ፍርስራሽ ናቸው፤ የነፋስ መሣሪያ እንኳ የላቸውም። «ላላ በሉ»ን ያጀቡት ሁለት አውስትራሊያውያን ምታችንን አያውቁትም። የውጭ አገር ሐያስያን ያጨበጨቡት ለባለታክሲው ታሪክ (ጋሽ ኃይሉ አሜሪካ ታክሲ ይነዱ ነበርና) እንጂ ለሙዚቃው አይደለም። ዜማዎቹ የድሮ ናቸው፤ አዲስ ፈጠራ የለም። እዚህ አገር የሚሰማቸው የለም። ስለዚህ አንጋፋው ሰው በክብር ቢያርፉ ይሻላቸው ነበር። በመጨረሻም «ላላ በሉ» «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድራም የሚያደነቁር» ነው ብለው ዘግተዋል።

እኔ ሐያሲ አይደለሁም። ከጣፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ሠርግ ባለበት ሁሉ ኪቦርድ የምጫወት ሰው ነኝ። ስለዚህ የምመልሰው እጄ በሚያውቀው ልክ ነው። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ክፉ ሰውም አልመሰሉኝም። ዋልያስን ከልባቸው እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ችግሩም ከዚያው ፍቅር የመጣ ይመስለኛል።

ዋልያስ በ1981 አብቅቷል በሚለው ላይ ብዙ አልከራከርም። ባንዱ በዚያ ዓመት ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካን ሊዞር ሄደ፤ ጋሽ ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ይህ የታወቀ ነው። ግን «ላላ በሉ»ን አንሡና ሽፋኑን እዩት፤ የዋልያስ ስም የለበትም። «የኔ ምርጫ»ም ላይ የለም። የተጻፈው ኃይሉ መርጊያ ነው። ጸሐፊው የዋልያስን ካባ ራሳቸው አልብሰው ሲያበቁ፣ «ካባው ሰፍቷቸዋል» ብለው የሚፈርዱትም ራሳቸው ናቸው።

ደግሞስ ጋሽ ኃይሉ መቼ ነው የአንድ ባንድ ብቻ የነበሩት? ከዋልያስ ጋር የሠሩት አልበም «ቸ በለው» በ1977 ወጣ። በዓመቱ፣ ዋልያስ በሞቀበት ሰዓት፣ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን የሠሩት ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው። ዳህላክ ዋልያስ አይደለም። ጸሐፊው ግን ያንን ካሴት ከወርቃማው ዘመን ሥራዎች ተርታ አስገብተውታል። በ1978 ከሌላ ባንድ ጋር መሥራት ወርቅ ከሆነ በ2018 ፍርስራሽ የሚሆንበት ምክንያት አልተነገረንም።

ስለ ዋልያስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምትዘለል አንዲት ነገር አለች። ከእነሱ በፊት የነበሩት ትልልቅ ባንዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የቴአትር ቤት ነበሩ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ትራምፔቱም የመንግሥት ንብረት ነው። የክለብ ባንድ ከሆነ ደግሞ ኦርጋኑና ማጉያው የክለቡ ባለቤት ነው፤ ከባለቤቱ ከተጣላህ ባዶ እጅህን ትወጣለህ። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በራሳቸው የተዋዋሉ ሰዎች ናቸው። ይህ ለአንባቢ ተራ ነገር ይመስላል፤ ለእኛ ለሙያው ሰዎች ግን ትልቅ ነገር ነው። መሣሪያው የራሱ የሆነ ሙዚቀኛ ከማን ጋር፣ ምን እንደሚጫወት ራሱ ይመርጣል። አልበሙ «የኔ ምርጫ» መባሉን ሳይ የሚታወሰኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ነፋስ መሣሪያው ልምጣ፤ የጸሐፊው ዋና ቁጭት እሱ ነውና። እዚህ ላይ ብቻቸውን እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ከእኔ በታች አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ሠፈራቸው ለልማት ሲነሣ ነው ወደ አባዶ የመጡት። በወጣትነታቸው ሒልተን ግቢ ውስጥ ማታ ማታ መኪና ይጠብቁ ነበር። «እኔ ዋልያስን የማውቃቸው በግድግዳ ነው» ይሉኛል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ለጭፈራ የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል፤ እሳቸው ውጭ ብርድ ላይ ቆመው በግድግዳው ያለፈውን ይሰማሉ። «ላላ በሉ»ን መጀመሪያ በስልኬ ሳሰማቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ሳክስፎኑስ? ሰዎቹስ የት ሄዱ?» አሉ። ልክ እንደ ጸሐፊው። ሌላ ቀን ኪቦርዴን የማሰማበትን ትልቁን ስፒከር ደረጃው ሥር አውጥቼ ያንኑ ከፈትኩላቸው። ቤዙ ሲገባ ዝም ብለው ቆዩና «አሁን ገና ግድግዳው መጣ» አሉ። ሳክስፎኑን ግን እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል። እሺ አላሉም፤ እኔም እሺ እንዲሉ አልጠብቅም።

ባንድ ከሰባት ሰው ወደ ሦስት ሲወርድ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ የእኛም ወርዷልና። ዛሬ ሠርግ ደጋሽ ለሰባት ሙዚቀኛ አይከፍልም። እኛ ያደረግነው ምንድን ነው? የጎደለውን በኪቦርድ ሞላነው። የተቀረጸ ትራምፔት፣ የተቀረጸ ሳክስፎን፣ የተቀረጸ ጭብጨባ ሳይቀር አለኝ። ቁልፍ ስጫን የስምንት ሰው ባንድ ከሳጥኑ ይወጣል፤ የፕላስቲክ ባንድ። የምኮራበት አይደለም፤ እንጀራ ነው። ጋሽ ኃይሉም ያው ኪቦርድ እጃቸው ላይ አለ። የውሸት ሳክስፎን መደርደር አያቅታቸውም ነበር። በ«ላላ በሉ» ላይ አላደረጉትም። ዋናዎቹ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድ፣ ቤዝና ድራም ናቸው። የነፋስ መሣሪያዎቹ ይጣሩበት የነበረውን ቦታ ባዶ ትተውታል። ጸሐፊው ባዶውን ቦታ ሰምተውታል፤ በትክክል ሰምተውታል። የፈረዱበት ግን እንደ ድህነት ቆጥረው ነው።

እንዲያውም ሁለተኛውን አልበም ደህና አድርገው ቢያዳምጡ ኖሮ ይህን ነጥብ ባልጻፉት ነበር። «የኔ ምርጫ» ላይ ቴነር ሳክስፎን አለ። የተጫወተውም ሞገስ ሀብቴ ነው፤ ራሱ የዋልያሱ ሞገስ። ሰጠኝ አጣናው በማሲንቆ ገብቶበታል። ሳክስፎን ጠፋ ብለው ያለቀሱ ሰው ሳክስፎኑ ሲመጣ እንዴት አላዩትም?

ሁለቱ አውስትራሊያውያን። ድራመሩ ቶኒ ባክ ነው፣ ቤዙ ማይክ ማይኮቭስኪ። ጸሐፊው «ለስቱዲዮ የተቀጠሩ» ይሏቸዋል። ሰዎቹ አልበሙ ከመቀረጹ በፊት ከጋሽ ኃይሉ ጋር ለዓመታት መድረክ የወጡ ናቸው። ቶኒ ባክ ደግሞ በ1987 ሲድኒ ላይ የተመሠረተው የ«ዘ ኔክስ» ድራመር ነው። ይህ ባንድ ሦስት ሰው ነው፤ የሚታወቀውም ከአንዲት ትንሽ ሐሳብ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ፣ ሳይጣደፍ፣ ቀስ በቀስ እየቀየረ በመጫወት ነው። ታጋሽነት ሙያው የሆነ ድራመር ማለት ነው።

የ«ላላ በሉ»ን የመጀመሪያ ትራክ «ትዝታ»ን ውሰዱ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው። በአኮርዲዮን ይጀምራል፤ እንጉርጉሮ ነው፣ ምቱ በጣት የማይቆጠር። እዚህ ላይ ድራመር ያለው ትልቁ ፈተና አለመምታት ነው። እኔ አብሬያቸው ከሠራኋቸው ድራመሮች ግማሾቹ ይህን ፈተና ይወድቃሉ፤ ዝምታ ያስፈራቸዋል፤ ሲምባሉን ነካ፣ ከበሮዋን ቆጥ ያደርጋሉ። ባክ ይጠብቃል። አኮርዲዮኑ ትንፋሹን ጨርሶ ሲስብ እሱም አብሮ ይስባል። ቆይቶ ፍጥነቱ ሲለወጥ የምንሰማው ሌላ ባንድ ነው፤ ዘሎ ሳይሆን ተንደርድሮ ነው የደረሰበት።

ችክችካን፣ ማለትም የእስክስታ ምታችንን፣ በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። የእኛ ስድስት በስምንት (በአንድ ዙር ስድስት ምት) ሲጽፉት ቀላል ነው። ሲመቱት ግን አንዱ እግር ሁለት፣ ሌላው ሦስት ይቆጥራል፤ ሰው የሚጨፍረው በሁለቱ መካከል ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን ያቺን ትንሽ መዘግየት ልጅ ሆኖ በሰንበቴና በሠርግ ቤት ጭብጨባ ያልሰማ ሰው በቀላሉ አያገኛትም። በዚያው አልበም «ጉም ጉም» ላይ እኔም ባሕር ዳር ወይ ጎንደር ያደገ ድራመር ቢኖር ብዬ ተመኝቻለሁ። ይህን አልደብቅም። ግን ወደ ራሳችንም እንይ። በሠርጎቻችን ላይ ላለፉት ብዙ ዓመታት ችክችካውን እየመታ ያለው ማን ነው? ጃፓን የተሠራ ሳጥን። ምቱ የማይዘገይ፣ የማይፈጥን፣ የማይሰክር። አንድም እናት ተነሥታ «ይሄ ሳጥን ምታችንን አያውቀውም» ስትል አልሰማሁም፤ እስክስታዋን ነው የምታስነካው። ሁለት የሚያላብ ሥጋ ያላቸው ሰዎች ሲመቱት ነው ፓስፖርት የምንጠይቀው።

ይህ ነገር ጸሐፊው ላይም ይመለሳል። «የመጨረሻው እውነተኛ ሥራቸው» ብለው ያሞገሱት የ1985ቱን ካሴት ነው፤ ጋሽ ኃይሉ በ«ክላሲካል» መሣሪያቸው ብቻቸውን የሠሩትን። የትኛውም አዲስ አበቤ አላጀበውም። ዋሽንግተን ነው የተቀረጸው። አኮርዲዮን፣ ያማሃ ኪቦርድና የድራም ማሽን ነው። ማሽኑ ኢትዮጵያዊ ነበር?

ታክሲው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የተናገሩት ከሁሉም የበለጠ እውነት ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ያናደደኝም እዚሁ ላይ ነው። ስለ «ላላ በሉ» በውጭ አገር የተጻፉ ሒሶችን አግኝቼ ያነበብኩትን ያህል አንብቤአለሁ። አብዛኞቹ ያወድሳሉ፤ አብዛኞቹም በታክሲ ይጀምራሉ። ታሪኩ ይታወቃል፦ ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዳሉ። አንድ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ ወደዳት፤ ፈልጎ አገኛቸው፤ በ2013 «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚለው አሳታሚው እንደገና አወጣው። ከዚያ መድረክ መጣ፣ ጉዞ መጣ፣ አልበም መጣ። ለጋዜጠኛ ይህ የተጋገረ እንጀራ ነው። መፍረድ ይከብዳል፤ እኔም ጋዜጠኛ ብሆን ቆርሼ ልበላ እችል ነበር።

ነገር ግን ሒሱ በታክሲ ስለጀመረ ሙዚቃው ታክሲ አይሆንም። የጻፈው ሰው የሚያውቀው ስላለቀበት ወደ ታክሲው ከገባ ጥፋቱ የሰውየው ነው። ጸሐፊያችንስ ምን አደረጉ? ቆጠርኩ። በጽሑፋቸው ውስጥ «ታክሲ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ አለ። «አኮርዲዮን» አንድ ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አንቀጾች መሪ፣ ማርሽና የአውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ናቸው። ፈረንጆቹ ታክሲውን አይተው አጨበጨቡ፣ እሳቸው ታክሲውን አይተው አፈሩ፤ ከመኪናው የወረደ ግን አላየሁም።

ስለ ማፈሩም አንድ ነገር ልበል፤ «የዋልያስ ሰው ሻንጣ ሲጭን» የምትለዋ ሐረግ ውስጤ ቀርታለችና። የእኛ ድራመር ከሰኞ እስከ ዓርብ ሜትር ታክሲ ነው የሚሠራው። ያ በሠርጉ ቀን አያት ጋ የቆመው ልጅ ማለት ነው። የመለማመጃ ፓዱን ከኋላ ወንበር ሥር ያስቀምጣል። መገናኛ ወረፋ ሲይዝ ያወጣውና ጭኑ ላይ አድርጎ ይመታል። እጁ ከዓመት ዓመት ሲሻሻል ያየሁት ታክሲ ከያዘ ወዲህ ነው፤ ቀድሞ ጊዜውን በሻይ ቤት ያሳልፍ ነበር። ታክሲ ለሙዚቀኛ የመጠበቂያ ቦታ ነው። መጠበቅ ደግሞ፣ ቅድም ስለ «ትዝታ» እንዳልኩት፣ የሥራው ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ዜማዎቹ፤ «የድሮ ናቸው፣ አዲስ ነገር የለም» ወደሚለው። ጸሐፊው እዚህ ላይ «ትዝታ ለሺህኛ ጊዜ፣ አንቺ ሆዬ ለሺህኛ ጊዜ» ይላሉ። ትዝታን እንደ አንድ ዘፈን ከቆጠሩት እውነት ነው። ትዝታ ግን ቅኝት ነው፤ ብዙ ዘፈን የሚወጣበት የድምፆች ስብስብ። አማርኛ አሮጌ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ ድግግሞሽ ነው እንደማለት ይሆናል።

በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ ልቆይ፤ ይህ ቅኝት በሥራዬ አሳፍሮኝ ያውቃልና። አራቱን ቅኝቶች ከዶ ጀምረን እንደርድር። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ የወረደች ናት)። ሦስቱም ውስጥ ሶል አለች፤ ልብ በሉ። ሶል ለዶ እንደ ምሰሶ ናት፤ ቤዝ ተጫዋች ሲጨንቀው ዶና ሶልን እያፈራረቀ ይመታል፣ ቤቱ አይወድቅም። አንቺ ሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ሶል የለችም። ምሰሶዋ ግማሽ ድምፅ ወርዳለች። ጆሮ የሚጠብቃት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ቆሟል። ቅኝቱ ያን የሚያሳሳ ውበት ያገኘው ከዚያው ነው።

አንድ ዓመት ለገጣፎ ሠርግ ላይ የሙሽሪት አክስት «አንቺ ሆዬ ተጫወትልን» አሉኝ። ኪቦርዱን እንደ ልማዴ በራሱ እንዲያጅብ ከፍቼዋለሁ። ቀኝ እጄ አንቺ ሆዬን ይዞ ሄደ። ሳጥኑ ግን ከግራ በኩል በሚያውቀው መንገድ ቤዝ ላይ ሶልን ይደበድባል። ሶል ፍላትና ሶል አንድ ላይ ሲጮሁ በር የሚንቋቋ ነው የሚመስለው። አክስትየዋ ፊታቸውን አኮማትረው «ልጄ፣ ይቅር» አሉ። ይቅር አልኩ፤ ወደ ሙሉ ትዝታ ሸሸሁ። እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ አንቺ ሆዬን የምጫወተው ማጀቢያውን አጥፍቼ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው የ«ላላ በሉ»ን ትራክ «አንቺ ሆዬ ለኔ»ን እንደ ቀላል መንገድ ሲያዩት ገርሞኛል። በዚህ ቅኝት ውስጥ የውጭ አገር ኮርድ ደርድሮ መደበቅ አይቻልም። ቤዙ በልማድ አይሄድም፤ በእያንዳንዱ ምት መምረጥ አለበት። ስምንት ሰው ሲሆኑ የአንዱ ስሕተት በሌላው ጩኸት ይሸፈናል፤ ሦስት ሲሆኑ እርቃን ነው። በዚህ ጠባብ ድልድይ ላይ ሁለት የሩቅ አገር ሰዎችን ይዞ መሻገር፣ ዜማው የሺህ ዓመት ቢሆንስ፣ አዲስ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ «ከዛሬዋ ኢትዮጵያ ጋር የተቆራረጡ» ተብለው የተከሰሱት ሰው «የኔ ምርጫ» ላይ ከአስናቀች ወርቁ ዜማ ጋር የቴዲ አፍሮን «ሸመንደፈር» አብረው ተጫውተዋል። የክራሯን ንግሥትና የካሴት ዘመን ማብቂያውን ኮከብ ጎን ለጎን። ይህም ለጸሐፊው የድሮ ከሆነ፣ ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም።

እዚህ አገር የሚሰማ የለም የሚለውን በአብዛኛው እቀበላለሁ። አልበሞቹ በየሱቁ አይሸጡም፤ ከአያት እስከ ጣፎ በተሳፈርኩባቸው ታክሲዎች ውስጥ አንድም ቀን አልሰማኋቸውም። እኔም ሠርግ ላይ «ጉም ጉም»ን ብጫወት ክፍያዬን የሚቀንስብኝ አይጠፋም። ነገር ግን ምክንያቱ አልበሞቹ ናቸው? ያለ ዘፋኝ የሚሄድ ሙዚቃ በእኛ ዘንድ መቼም ቢሆን ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ተቆጥሮ አያውቅም። ከዜና በፊት ቦታ መሙያ ነው። ስልክ ሲያስጠብቁህ የሚከፈት ነው። ቡፌ ሲነሣ፣ ማንኪያና ሹካ ሲንኳኳ የሚለቀቅ ነው። ኪቦርዴ ላይ ዜማ ብቻ ስጫወት ሰው መጥቶ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል፤ እኔ የሌለሁ ይመስል። ከቃል ጋር ያደግን ሕዝብ ነን፤ ሰሙንና ወርቁን ፍለጋ ጆሯችን ወደ አፍ ነው የሚሄደው። የዋልያስ የመሣሪያ ሙዚቃም ራሱ፣ ጸሐፊው ዛሬ የሚያለቅሱለት፣ ብዙዎቻችን ቤት የገባው በዚሁ በኩል ነው፦ በሬዲዮ ክፍት ቦታ። ስሙን ሳናውቀው በቃላችን ያዝነው። ስለዚህ አንድ አልበም እዚህ አለመሰማቱን ለድክመቱ ማስረጃ ካደረግን «ቸ በለው»ንም አብረን እንከሳለን።

በክብር ማረፍን በተመለከተ አጭር ነኝ። ጋሽ ኃይሉ የተወለዱት በ1946 ነው። «ላላ በሉ» ሲወጣ ሰባዎቹ ውስጥ ገብተዋል። በሁለት ዓመቱ «የኔ ምርጫ» ተከተለ፤ በ2023 ደግሞ በ2016 ብሩክሊን ላይ ከመድረክ የተቀረጸ አልበም ወጣ። ይህ የሚያርፍ ሰው የሥራ ዝርዝር አይደለም። ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ በሰባ ዓመቱ «ስምህን ጠብቅ፣ ተቀመጥ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ዕድሜው ሲገፋ እንዲያውም ወንበር ያመጡለታል። የባንድ ሰው ላይ ሲሆን ለምን ልብሱና ወጣትነቱ እንደሚያሳስበን አላውቅም። ምናልባት ባንድ ስንል የምናየው የ1970ዎቹን ፎቶ ስለሆነ ይሆናል፤ ሰፊ ሱሪ፣ አፍሮ፣ የሚያብረቀርቅ ሳክስፎን። በፎቶ ላይ ያለ ሰው አያረጅም።

የመጨረሻዋ ክስ ቀረች፤ «ላላ በሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድራም የሚያደነቁር ነው» የምትለዋ። ትራኮቹ ስድስት ናቸው። የመጀመሪያው በአኮርዲዮን እንደሚጀምር ቅድም ብያለሁ። ስድስተኛው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይባላል። ፒያኖ ብቻ ነው፤ ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን። ድራም የለበትም።